የሰባተኛው ቀን ፀጉር

አማን፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ እናት ለኢክላስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረምሽ? ሰይፉስ እንዴት ነው? ሆድሽስ፣ ይራገጣል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። «ደህና» ስልሽ ደግሞ «ይኼ ሰውዬ ምን ደብቆ ነው» እንደምትዪ አውቃለሁ። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን የሚሉት ነው ብለሽ ስትስቂ ታየኝ። በስልክ ሳወራሽ እህትሽ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለቤቱ ሁሉ ታሰማዋለች። አይደለም እንዳትዪኝ! የዛን ለት ስለ እናቴ ሳወራሽ ከኋላ የሳለው ማን ነው? በስልክ ጽፌ ብልክልሽም ማን እንደሚያነበው ማን ያውቃል። ስለዚህ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለዓባይነህ በእጁ እሰጠዋለሁ። ፖስታውን ሦስት ቦታ በፕላስተር አሽገዋለሁ፤ አንዱ ተልጦ ከደረሰሽ ንገሪኝና እኔና ዓባይነህ እንነጋገራለን።

ፅሕፈቴ ተንጋዶ ካስቸገረሽ ጥፋቱ የእስክሪብቶው ነው። የምጽፈው በየነች ቤት ቁጭ ብዬ ነው፤ ለምን ጎረቤት ሄጄ እንደምጽፍም እነግርሻለሁ። ልጇ አሞጽ ሦስት እስክሪብቶ አቀብሎኝ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ መስመሩ ላይ አይቆሙም። የዘንድሮ ዕቃ እኮ አይታመንም።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ ደወልሽ። «ነሐሴ አጋማሽ ላይ እመጣለሁ፤ የሰው ቤት ሰለቸኝ። የምወልደው በራሴ ክፍል፣ በራሴ አልጋ ነው» አልሽኝ። እኔ ዝም አልኩ። «ሃሎ? ሃሎ? ኧረ ይኼ ኔትወርክ!» ብለሽ ዘጋሽው። ኢክላስዬ፣ ኔትወርኩ አልነበረም። አምስት ወር ሙሉ ያንን ቃል ከአፍሽ ስጠብቅ ኖሬ፣ ስትናገሪው ፈራሁት። ዛሬ የተቀመጥኩት ለምን እንደሆነ ልነግርሽ ነው። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትጥይው።

ሔለን መጀመሪያ የመጣችበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ጥቅምት ላይ ነው። ያቺ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ቀጭን ልጅ፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ የወጣባት። «እንደ ልጃችሁ ኦቲዝም ያለባቸውንና የሌለባቸውን ልጆች ፀጉር እያነጻጸርን ነው። ባዜቃ ከዚህ ነገር ጋር ግንኙነት ይኑረው አይኑረው ማወቅ እንፈልጋለን» አለች። ባዜቃ ስትል ዓይኔ ወደ ጓዳው በር ሄደ። ወርቅ ቆፋሪዎቹ ሜርኩሪ የሚሉት፣ እኛ ጓዳ በወተት ጣሳ ተከድኖ የተቀመጠው ያ ብርማ ፈሳሽ! ማን ነገራት? ስንት ጫማ ሻጭ ባለበት መንገድ እንዴት እኔን መርጣ ገባች? ከማዕድን ቢሮ ናት አልኩ። ቀጥሎ ከገቢዎች ናት አልኩ። ፀጉር ስትል ደግሞ የጠንቋይ መልእክተኛ እንዳትሆንም ጠረጠርኩ። የንግድ ፈቃዴ የጫማ እንጂ የወርቅ አይደለማ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ታውቂኛለሽ።

ልጅቷ ወረቀቷን ዘርግታ «በቤታችሁ ወርቅ ይቃጠላል? ባዜቃ ይቀመጣል?» ብላ ስትጠይቅ እኔ ቀደምኩሽ። «እኛ ቤት? እኔ የቦት ጫማ ነጋዴ ነኝ፣ ወላሂ! ወላሂ! ወላሂ!» አንቺ ሻሽሽን ወደ አፍሽ ሳብ አድርገሽ አየሽኝ። ሦስት ጊዜ ወላሂ ስል ምን ማለት እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ባልሽን በሰው ፊት አላዋረድሽም።

ያደረግነውን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም በእጄ ተጽፎ ይኑርሽ። ከቱም ከተማ ወዲያ ከቆላው የሚመጡት ልጆች ወርቁን በባዜቃ አሽተው ያመጡታል። ባዜቃው በእሳት ተኖ ሲሄድ ንጹሑ ወርቅ ይቀራል። ሌሎቹ ነጋዴዎች እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በሜዳ አስቃጥለው ይገዛሉ። እኔ ማንን አምኜ? ግማሹን ባዜቃ አስቀርተው ሊሸጡልኝ! ራሴ ካላቃጠልኩት አልገዛም አልኩ። እሱም በሜዳ አይደለም፣ ጎረቤት ያየኛል ብዬ ከመኝታችን ቀጥሎ ባለችው ጓዳ፣ በሩን ቆልፌ፣ መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ወትፌ። ባትሪ የሚይዝልኝ ደግሞ ካንቺ በቀር የማምነው ሰው አልነበረም። ሰይፉ ሆድሽ ውስጥ ነበር። ክረምቱ ከባድ ስለነበር «እዚህ ይሞቃል» እያልሽ ወርቁ የሚቃጠልባት ምጣድ አጠገብ ቁጭ ትዪ ነበር። «ጭሱ እንኳን ሽታ የለውም» ያልሽኝን አልረሳውም። ሽታ ስለሌለው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጎረቤት አያሸትማ።

ከተወለደ በኋላም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ፣ ከጣሳው አንድ ጠብታ አውጥቼ በሳህን ላይ አንከባልልለት ነበር። ዝም ይል ነበር። ልጄን የማባብልበት ዘዴ አገኘሁ ብዬ ስንቴ ኮርቻለሁ መሰለሽ።

አሁን ወደ ፀጉሩ ልምጣ። ሰይፉ ጭንቅላቱን ሰው ሲነካው እንደማይወድ ሔለን ስላየች ፖስታ ትታልን ሄደች። «ሲተኛ ከማጅራቱ በኩል፣ ከሥሩ ቆርጣችሁ በክር እሰሩልኝ» አለች። አንቺ በቀትር እሱ ሸለብ ሲያደርገው መቀሱን ሰጥተሽኝ ገበያ ወጣሽ። አጠገቡ ቆምኩ። አልቀው የጣልኳቸውን የባትሪ ድንጋዮች እንደ ልማዱ በመስመር ደርድሮ፣ እጁን በመጨረሻው ላይ ጭኖ ተኝቷል። መቀሱን አስጠጋሁ፤ መለስኩት። ይህ ፀጉር ሄዶ የሚያወራው ስለ እኔ ጓዳ ነው አልኩ። የዛን ጠዋት ሱቅ ውስጥ የሰፈሩን ልጆች በመላጫዬ ስላጭ የአሞጽ ፀጉር ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። እሱን ሰብስቤ፣ በክር አስሬ፣ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት። ጫማ ማሰሪያ የማሰር ያህል እንኳን ጊዜ አልፈጀብኝም።

አዎ ኢክላስ። ወደ ላቦራቶሪ የሄደው የልጅሽ ፀጉር አልነበረም።

ጥር ላይ ሔለን ደውላ «በፀጉሩ የተገኘው ባዜቃ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ስትልሽ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልሽ። ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነበር። «አፍህ ቢዋሽም ፀጉሩ አይዋሽም፤ እንግዲህ ወርቁ ካልሆነ ከእኔ ነው» አልሽ። ከዚያ መቁጠር ጀመርሽ። በእርግዝናሽ የዋጥሽው የወባ ክኒን፣ ከእናትሽ ጋር የተጣላሽበት ጊዜ፣ ወንዝ ዳር የወደቅሽው፣ የአርባ አምስት ቀን ክትባቱ። ሔለን በስልክ «ክትባት በስንት አገር ተመርምሮ ነፃ የወጣ ነገር ነው፤ እናትም በቁጣዋና በመውደቋ ኦቲዝም አታመጣም» እያለችሽ አልሰማሻትም፤ «የሚቀጥለውን ልጄን አላስከትብም» አልሽ። እናቴ ደግሞ ከቡታጅራ ደውላ «በእሷ ዘር ነው፣ በእኛ እንዲህ ያለ የለም» አለች። እኔስ? እኔ አፍ ያለኝ ሰውዬ ሻይ ቀዳሁ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቼ እስቅ ነበር። የእኔን እከክ አንቺ ላይ ሲልክኩት ቁጭ ብዬ አየሁ። የካቲት ላይ የሁለት ወር ሆድ ይዘሽ «አዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያስተምሩ አሉ» ብለሽ ሰይፉን ይዘሽ ወደ እህትሽ ስትሄጂ፣ ከእናቴ ምላስ እየሸሸሽ እንደሆነ አውቄ ሻንጣሽን ተሸክሜ ሸኘሁሽ።

ግንቦት ላይ ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ሰላምታም ሳትጨርስ፣ «ጋሽ ጀይላን፣ ስም አልጠራም፤ ግን ከሁለት ቤት የመጡ ሁለት ፖስታዎች ቁጥራቸው አንድ ሆነብኝ። ባዜቃው ብቻ ቢሆን ግድ የለም፤ ዚንኩም ብረቱም አንድ ነው። ሁለት ልጅ ቀርቶ መንታ እንኳን እንዲህ አይገጥምም» አለችኝ። በየነችም የአሞጽን ፀጉር ሰጥታ ኖሯል! አሞጽ ጤነኛ ከሚባሉት ልጆች በኩል መመዝገቡን እኔ በምን አውቄ?

«ማሽንሽ ተበላሽቶ ነው!» ብዬ ጮኽኩባት።

«እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማሽኑን ነው» አለችኝ ረጋ ብላ። «ቀጥሎ ራሴን ጠረጠርኩ፤ ፖስታ ቀይሬ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ በኋላ ነው እርስዎ ዘንድ የመጣሁት።»

ከሱቅ አስወጣኋት። ስልኳን በጫማ ካርቶን ላይ ጽፋ ትታልኝ ሄደች። ንግግሯ ግን አልወጣልኝም። ይህቺ ልጅ እንደኔው ጠርጣራ ናት፤ ልዩነታችን እሷ ከራሷ መጀመሯ ነው። እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስጠረጥር አንድ ቀን ከራሴ ጀምሬ አላውቅም።

ሰኔ ላይ ደግሞ ባየ መጣ፣ ያ ረጅሙ ቆፋሪ፣ ሰይፉን ትከሻው ላይ ያወጣው የነበረው። ሻይ ሰጠሁት፤ ግማሹ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። «በጠዋቱ ጠጥተህ ነው የመጣኸው» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ ከተውኩ ሦስት ዓመቴ፣ ጌታን ተቀብዬ» አለኝ። አላመንኩትም፤ አፉን አሸተትኩት። ምንም የለም። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ወርቁን ከኪሱ እኔ አወጣሁለት። ጣቶቹ በራሳቸው ይርገበገባሉ። የቆላ በሽታ ነው ብዬ ሸኘሁት። የዛኑ ቀን የእሱን ወርቅ አቃጠልኩ። የመጨረሻዬ እሱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ዓርብ ዕለት «በራሴ አልጋ ልወልድ ነው» ያልሽኝ። ስልኩን እንደዘጋሽ መኝታ ቤት ገባሁና አልጋሽን አየሁት። ፍራሹ ያው ነው። ግድግዳው ያው ነው። ለሚወለደው ልጅ የሚሆን ጨርቅ እንዳለሽ ላይ ብዬ ሳጥንሽን ከፈትኩ፤ አረንጓዴዋን ቁራጭ ጨርቅ አገኘኋት። ሰይፉ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ለአቂቃው በግ አርደን ስንላጨው ትዝ ይልሻል? ፀጉሩን በወርቅ ሚዛኔ መዝነን የክብደቱን ያህል ብር ለችግረኛ ሰጠን። የቀረውን አቮካዶው ሥር ስንቀብር አንቺ አንድ ቁንጥር በዚያች ጨርቅ ቋጥረሽ ደብቀሽ አስቀረሽ። «አንተ ሁሉን ትደብቃለህ፣ እኔም አንድ ልደብቅ» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሆድሽ ውስጥ ሳለ ያበቀለው ፀጉር ማለት ነው። እጄ ላይ ይዤው አለቀስኩ። ለሔለን ደወልኩ።

ሰኞ ጠዋት መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የአሞጽን ፀጉር፣ ጓዳውን፣ ባትሪ መያዝሽን። የባየን ጣቶች ስነግራት «የባዜቃ መርዝ እጅን እንዲህ ያደርጋል» አለችኝ። እስከ መጨረሻው ድረስ ፖሊስ ከኋላዋ ይመጣል እያልኩ በር በሩን አያለሁ። አልመጣም። የጨርቁን ፀጉር ስሰጣት «በወርቅ ሚዛን ከተመዘነ ከሚዛኑም ባዜቃ ሊነካው ይችላል፤ እልካለሁ፣ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም» አለች። ልሸሽግሽ አልችልም፣ ያን ስትል ልቤ በደስታ ዘለለ። ማምለጫ አገኘሁ አልኩ! ወዲያው በራሴ አፈርኩ።

ከዚያ አየር የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አውጥታ ቤቱን ዞረች። ሱቁ ላይ ዝቅ ያለ ነበር። ጓዳው በር ላይ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። አልጋሽ ጋ ስትደርስ ለእኔም አፍንጫ መሸፈኛ ሰጥታ «ጋሼ፣ ከዚህ እንውጣ» አለችኝ። ዝናብ ውስጥ ወጥተን ቆምን። «ካቃጠልኩ እኮ ወር ሊሞላኝ ነው» አልኳት። «ግድግዳው ጠጥቶታል፤ ወለሉም ፍራሹም። ሲሞቅ ይተነፍሳል» አለች።

«እና ልጄን እንዲህ ያደረግኩት እኔ ነኝ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አላውቅም» አለችኝ። «ላጽናናዎት ብዬ እንዳይመስልዎት፤ በእውነት አላውቅም። ስለ ባዜቃና ስለ ኦቲዝም የተሠሩት ጥናቶች አይስማሙም፤ የእኛም አላለቀም። ላያልቅም ይችላል፣ አንድ ፖስታ ውሸት ከሆነ ሌላውንም መፈተሽ አለብኝ። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ባዜቃ ለጽንስ አእምሮ መርዝ ነው። በዚህ ክፍል ነፍሰ ጡር ሴት አታድርም። አንድ ቀንም።»

ለዚህ ነው በየነች ቤት ተቀምጬ የምጽፍልሽ። ከእኛ ቤት ወረቀት እንኳን ወደ አንቺ እንዲመጣ አልፈለግኩም። ለበየነችም ነገርኳት፤ «የልጅሽን ፀጉር ሰርቄያለሁ» አልኳት። «አንተ ሰው! ፀጉርም ይሰረቃል?» ብላ ሳቀች መጀመሪያ። ታሪኩን ስትሰማ ሳቋ ጠፋ። አሞጽን ጠርታ ጭንቅላቱን ደጋግማ ዳበሰችው። ከዚያ «ለኢክላስ ነግረሃታል?» ብቻ አለችኝ። «አልነገርኳትም» ስላት ቡና ማድረቂያው አጠገብ ያለችውን ክፍል ቁልፍ ወርውራልኝ፣ «እዚያ እደር። ሳትነግራት ግን እኔ ቤት እህል አትቀምስም» አለችኝ። ከትናንት ጀምሮ በምትቀቅለው ጎደሬ ሽታ እየተቀጣሁ ነው።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ሐኪም ዘንድ ሂጂና እስከ የካቲት ድረስ ባዜቃ በሚቃጠልበት ቤት እንደኖርሽ ንገሪያቸው፤ አትፈሪ፣ አትደብቂልኝ። የሚወለደውን አስከትቢው፤ ክትባቱን የጠረጠርሽው እኔ የውሸት ፀጉር ስለሰጠሁሽ ነው። ሔለን የሰይፉን ፀጉር ራሷ መጥታ ትወስዳለች። የጨርቁ ፀጉር ውጤትም ሲመጣ ለእኔ እንዳትነግረኝ፣ ላንቺ እንድትነግርሽ ስልክሽን ሰጥቻታለሁ። ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ለእናቴም ደውዬ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከእንግዲህ ስላንቺ ዘር የምታወራበት አፍ የላትም፤ የእኔ ዘር ምን እንዳደረገ ሰምታለችና።

ሰይፉ የሚዛኑ ሳህኖች ሲወዛወዙ እያየ ይስቅ እንደነበር አስቤ ሚዛኑን ልልክለት ፈልጌ ነበር፤ ሔለን ከለከለችኝ። ስለዚህ በሁለት የለስላሳ ጠርሙስ ክዳንና በክር አዲስ ሠርቼለታለሁ፤ ዓባይነህ ይሰጥሻል። ክዳኖቹ እኩል አይደሉም፣ አንዱ ዘንበል ይላል። ክሩን ማሰር ብዙ አስቸግሮኝ ነው።

ኢክላስዬ፣ ነይልኝ ልልሽ ስንት ቀን ስልኩን አንስቼ መልሻለሁ። አሁን አትምጪ። ወለሉ ተቆፍሮ እስኪወጣ፣ ግድግዳው እስኪፈርስ፣ ያቺ ልጅ በመሣሪያዋ አይታ «ይበቃል» እስክትል ድረስ እንዳትመጪ። እኔ ስለው አትመኚኝ፤ እሷ ስትለው እመኚ። በዚህ ደብዳቤ ላይ የድሮውን ካልቆጠርሽብኝ አንድም ወላሂ አላልኩም፤ ተመለሺና ቁጠሪው። ልጁ ሲወለድ ልብሴን ቀይሬ፣ ታጥቤ እመጣለሁ። እህትሽን «አታስገቢው» ካልሻት በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ሰይፉን ከሩቅ ካየሁት ይበቃኛል። ይቅር በይኝ። ይህን ቃል በስልክ ብሞክረው አይወጣኝም ነበር።

አላህ በሰላም ይገላግልሽ። የሚወለደውን ከእኔ ቤት አየር፣ አንቺንም ከእኔ ዝምታ ይጠብቅሽ። ሰይፉን ሳይነቃ፣ ጭንቅላቱን ሳትነኪ ሳሚልኝ።

ያንቺው፣ የሰይፉ አባት
ጀይላን

ስለ እስክሪብቶው ያልኩሽን ተይው። አራተኛም ቀየርኩ። እስክሪብቶው አይደለም።